ካሚዮኑ የት ይደር?

በአገራችን ልማድ የመሸበት መንገደኛ ወደ ሰው ደጅ ቀርቦ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። ባለቤቱም ወጥቶ ያየዋል፤ ከየት እንደ መጣ ይጠይቀዋል፤ እግሩን አሳጥቦ፣ ካለችው አቃምሶ፣ ከምድጃው አጠገብ ያስተኛዋል። እንግዳው ደግሞ በበኩሉ ሥርዓት አለበት። ደጅ ሳይጠራ አይገባም፤ በቅሎውን በባለቤቱ እህል ላይ አይለቅም፤ ጎሕ ሲቀድም መርቆ ይሄዳል። የማሳደርና የማደር ሕግ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ወገን ያለው ነው። አንዱ ቦታ ይሰጣል፤ ሌላው ይጠነቀቃል። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ሕጉ ይፈርሳል።

ዛሬ በአዲስ አበባ ሰፈሮች ደጅ ሳይጠራ የሚያድር አንድ ትልቅ እንግዳ አለ። ሰው እራቱን በልቶ ወደ መኝታው ሲያዘግም ሞተሩን እያጓራ ይመጣል። ከሰው አጥር ሥር ይጠጋል። ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ከጎማው ሥር የድንጋይ ታኮ ያደርጋል። የፍሬኑ ንፋስ «ጭስ!» ብሎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ መንገዱ የሰፈሩ መንገድ መሆኑ ይቀርና ለእንግዳው መኝታ ቤት ይሆናል። ይህ እንግዳ ከባዱ የጭነት መኪና፣ የቀድሞዎቹ ሰዎች ካሚዮን የሚሉት ነው።

በዚህ ሳምንት የምናነሣው የዚህኑ እንግዳ ጉዳይ ነው። የት ማደር አይገባውም? የት ማደርስ ይገባዋል? ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ ነው። ሁለተኛው ካልተመለሰ የመጀመሪያውም መልስ እንደማያገኝ ለማሳየት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ እንግዳውን እንወቀው። ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ብቻውን ከ12 ሜትር የሚበልጥ ርዝመት አለው። ሳቢው መኪና ሲጨመርበት 16 ሜትርና ከዚያም በላይ ይሆናል። ጭነት ሞልቶ ሲቆም ክብደቱ 40 ቶን ገደማ ይደርሳል። እንግዲህ ይህን የሚያህል ነገር ሁለት አውቶሞቢል በመከራ ከሚተላለፍበት የሰፈር መንገድ ውስጥ አስገብታችሁ አስቡት። አንድ ቤተ ሰብ ከነጓዙ በአንዲት ክፍል የሚኖርበት ግቢ ደጃፍ ላይ ከግቢው ቤቶች ሁሉ የሚረዝም ነገር ተጋድሞ ያድራል ማለት ነው።

መንገዱስ ይችለዋልን? ስለዚህ ነገር መሐንዲሶች በደንብ የመረመሩት ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ አገር፣ በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት፣ ኦታዋ በምትባል ከተማ አጠገብ ለምርመራ ብቻ የተሠሩ መንገዶች ተዘርግተው ነበር። ወታደሮች በተለያየ መጠን የተጫኑ ካሚዮኖችን ሳያቋርጡ እንዲነዱባቸው ተደረገና እያንዳንዱ ክብደት መንገዱን ምን ያህል እንደሚጎዳ ተለካ። ውጤቱ የሚያስደንቅ ነው። ግራና ቀኝ ጎማዎችን በሚያያይዘው አክስል ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። በዚሁ ስሌት 10 ቶን የተሸከመ አክስል 1 ቶን ከተሸከመው ይልቅ መንገዱን 10,000 ጊዜ ያህል ይጎዳዋል። ስለዚህ የአንድ ካሚዮን አንድ ሌሊት መግባትና መውጣት የሰፈሩ ትንንሽ መኪናዎች በብዙ ወራት የማያደርጉትን ያደርጋል።

የሰፈር መንገድ ደግሞ ለዚህ አልተሠራም። በብዙ ቦታ ነዋሪው ከኪሱ አዋጥቶ ያስነጠፈው ኮብልስቶን ነው። ወጣቶች ድንጋዩን በመዶሻ ጠርበው በአሸዋ ላይ አንድ በአንድ የደረደሩት ነው። ከባድ ጎማ በላዩ ሲጠመዘዝ ድንጋዮቹ ይላቀቃሉ፤ ክረምት ሲገባ ውሃው አሸዋውን ከሥር ያጥበዋል፤ በማግሥቱ ጉድጓድ ይሆናል። ከመንገዱ ሥር የውሃ ቧንቧ አለ፤ ከመንገዱ ዳር የጎርፍ መውረጃ ከነክዳኑ አለ፤ ከላይ የመብራት ሽቦ አለ። ቧንቧው ይፈነዳል፣ ክዳኑ ይሰበራል፣ ሽቦው በኮንቴይነሩ ጫፍ ይጎተታል። ጥፋቱን ያደረሰው ሲነጋ ሄዷል፤ የጥገናው ወጪ ግን ለሰፈሩና ለከተማው ይቀራል።

ሌላው የንጋት ጉዳይ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲሆን ሾፌሩ ሞተሩን ያስነሣል፤ ነገር ግን ወዲያው አይሄድም። ሰው «ለምን ዝም ብሎ ያጓራል? ለምን አይሄድልንም?» እያለ በአልጋው ላይ ይገላበጣል። ነገሩ ምክንያት አለው። የከባድ መኪና ፍሬን የሚሠራው በታመቀ ንፋስ ነው። መኪናው ቆሞ ሲያድር ንፋሱ ይቀንሳል፤ ንፋሱ እንደ ገና ሞልቶ እስኪበቃ ድረስ የማቆሚያው ፍሬን አይለቅም። ስለዚህ ሾፌሩ ወደደም ጠላም ሞተሩን እያስጮኸ መጠበቅ አለበት። በዚያን ጊዜ የሚወጣው የናፍጣ ጭስ በቀጥታ ወደ ሰው መስኮት ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መካከል መሆኑን አረጋግጦ መዝግቦታል። ስለዚህ የሚያነጫንጨው የእንቅልፍ ማጣት ብቻ አይደለም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የሕይወት አደጋ ነው። የሰፈር ልጆች ሜዳ ስለሌላቸው መንገዱ ሜዳቸው ነው። የቆመ ካሚዮን ለድብብቆሽ የሚመች ይመስላቸዋል። ሾፌሩ ከፍ ባለው ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ከአፍንጫው ሥር፣ ከኋላው ጎማ አጠገብ ያለውን ሕፃን ሊያይ አይችልም፤ መስተዋቱም ሁሉን አያሳየውም። ሕዝቡ ቀዩን ሲኖትራክ «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙውን ደግሞ «አልቃይዳ» ብሎ ስም ያወጣላቸው በከንቱ አይደለም። ስሙ ለብረቱ የወጣ ሳይሆን ስለ አነዳዱና ስለሚያደርሰው ሐዘን የወጣ ነው።

ከዚህም በቀር ምጥ የያዛት ሴት በሌሊት አምቡላንስ ሲጠራላት አምቡላንሱ ከመንገዱ አፍ ላይ ተገትሮ ይቀራል። እሳት ሲነሣ የእሳት አደጋ መኪና ማለፊያ ያጣል። የነዳጅ ቦቴ ከሰው ኩሽና አጥር ሥር ሲያድር ደግሞ ምን ሊመጣ እንደሚችል መናገር አያስፈልግም። ለቅሶ ሲሆን እንኳን ዕድሩ ድንኳኑን የሚተክለው በመንገድ ላይ ነውና፣ አስከሬን በቤት እያለ የካሚዮን ባለቤት ፍለጋ ሰው የሚላክበት ጊዜ አለ።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነውን የሚሰማ የሰፈር ሰው «እውነት ነው! ይባረሩልን!» ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን ፍርድ ከመስጠት በፊት የሌላውን ወገን ቃል መስማት ይገባል። ወንድማችን ሾፌሩ ምን ይላል?

ኤርትራና ኢትዮጵያ በ1990 ዓ.ም. ወደ ጦርነት ከገቡ ወዲህ የአሰብ በር ተዘግቷል። የአገሪቱ የውጭ ንግድ ዕቃ ከ100 እጅ 90 ያህሉ የሚመላለሰው በጂቡቲ በኩል ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የኤሌክትሪክ ባቡር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀምሯል፤ ሆኖም የጭነቱ ትልቁ ክፍል አሁንም በሾፌሩ ጎማ ላይ ነው። ምሽት የምንበላው ዘይት፣ ገበሬው የሚዘራበት ማዳበሪያ፣ ሐኪም ቤቱ የሚያድንበት መድኃኒት፣ ይህ ጽሑፍ የታተመበት ወረቀት ሳይቀር በካሚዮን ተጭኖ መጥቷል። ይህን ያመጣልን ሰው የአፋርን በረሃ ቆርጦ፣ በየኬላው ተሰልፎ፣ ቀናትን በጋቢና ውስጥ አሳልፎ የመጣ ነው።

እርሱን «ለምን ከሰፈር ውስጥ ታሳድራለህ?» ብትሉት መልሱ አጭር ነው፦ «ታዲያ የት ላሳድር?» ዳር ላይ ቢያቆመው ሌሊት ናፍጣው ይቀዳል፣ ባትሪው ይፈታል፣ ተቀያሪ ጎማው ይወሰዳል፣ ሸራው ተቀድዶ ጭነቱ ይጎድላል። የጎደለውን ከደመወዙ የሚከፍለው እርሱ ነው። መኪናው የራሱ ከሆነም ብዙውን ጊዜ በባንክ ብድር የተገዛ ነው፤ አንድ ጎማ መጥፋት የአንድ ወር ዕዳ መክፈያ ማጣት ነው። አጥር፣ መብራትና ዘበኛ ያለው ማደሪያ ቢያገኝ ይገባ ነበር፤ እንዲህ ያለው ቦታ ግን ጥቂት ነው፣ የተገኘውም ብዙ ጊዜ የሞላ ነው። ስለዚህ ልጆቹ በሚተኙበት ቤት አጠገብ አቁሞ አንድ ዓይኑን ገልጦ ያድራል። ይህ ሰው ክፋት ያሰበ አይደለም፤ ቦታ ያጣ ነው።

እዚህ ላይ አባቶቻችን የነበራቸውን ብልኃት ማስታወስ ይጠቅማል። ካሚዮን ከመምጣቱ በፊት ጭነት ይመላለስ የነበረው በበቅሎ፣ በአህያና በግመል ነው። የሲራራ ነጋዴ መቶ አጋሰስ አስከትሎ ሲጓዝ በሰው ጓሮ ገብቶ አያድርም ነበር። ውሃ፣ ሣርና ጥበቃ ካለበት ሜዳ ላይ ይሰፍራል፤ ጭነቱን በአንድ ላይ ይከምራል፤ እሳት አንድዶ ተራ በተራ ይጠብቃል። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ «ሰፈረ» ከሚለው የመጣ ነው፤ መንገደኛና ጦር የሚያርፍበት ማለት ነበር። ቀረጡም በኬላ ላይ ይከፈል ነበርና መንገደኛው የት እንደሚቆም፣ የት እንደሚያልፍ ያውቃል።

ከዚያ በኋላ ሞተር መጣ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ ከባድ መኪና «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ እስከ ዛሬ በሰው አፍ አለ። በ1928 ዓ.ም. የገባው የጣሊያን ጦር ደግሞ በ5 ዓመት ቆይታው ብዙ መንገድና ብዙ ካሚዮን አመጣ። ጣሊያኑ ተባርሮ ሲሄድ ቃሎቹን ግን ትቶልን ሄደ፤ ጎማ፣ ጋቢና፣ ፍሬን፣ ጎሚስታ የምንለው ሁሉ ከእርሱ የቀረ ነው። መኪናውንና የመኪናውን ቋንቋ ተቀበልን። ለአጋሰሱ የነበረውን የማደሪያ ሥርዓት ግን ለካሚዮኑ አላወጣንለትም። ውሃና ሣር የሚለው ናፍጣና ጎሚስታ ቢሆን፣ እሳት የሚለው መብራት ቢሆን፣ ጥበቃው ያው ጥበቃ ነው። የሚያስፈልገው ነገር ከጥንቱ አልተለየም።

ከተማውም በዚህ መካከል አደገ። ቃሊቲና አቃቂ ቀድሞ ከከተማ ውጭ የነበሩ፣ ፋብሪካና መጋዘን የሚሠራባቸው ቦታዎች ነበሩ። ዛሬ ዙሪያቸውን ቤት ከብቦአቸዋል። ካሚዮኑ የቆመበት ቦታ ላይ ቆሞ ሳለ መኖሪያ ሰፈሩ ወደ እርሱ የሄደበትም ጊዜ አለና፣ ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ወገን ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም።

መንግሥት ዝም ብሎ ተመልክቷል ማለትም አይቻልም። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከባድ የጭነት መኪናዎች ቀን በከተማው ውስጥ እንዳይንቀሳቀሱ የሚከለክል ውሳኔ አውጥቶ ነበር። አሳቡ መልካም ነበር፤ ሠራተኛውና ተማሪው በሚንቀሳቀስበት ሰዓት መንገዱ ይቅለል ማለት ነው። ነገር ግን ሰዓት ብቻ የሚወስን ሕግ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ቀን መንቀሳቀስ የተከለከለ መኪና ቀኑን የሚቆምበት ቦታ ይፈልጋል፤ ሌሊት መሥራት የተፈቀደለት መኪናም በሌሊት በሰው ደጃፍ ያልፋል፣ በሰው ደጃፍ ያራግፋል። ሰዓቱ ተነገረው፤ ቦታው ግን አልተነገረውም።

በየሰፈሩ የሚደረገውም ከዚህ አይለይም። ነዋሪው ተሰብስቦ ወደ ወረዳ ይሄዳል፤ ደንብ አስከባሪ ይመጣል፤ ካሚዮኖቹ ይባረራሉ፤ ሰፈሩ ደስ ይለዋል። በሳምንቱ እነዚያው ካሚዮኖች በሚቀጥለው ሰፈር ታጭቀው ያድራሉ። ያኛው ሰፈር ደግሞ በተራው ሰልፍ ወደ ወረዳው ያደርጋል። ብርቱ ሽማግሌና ደኅና ስልክ ያለው ሰፈር ይገላገላል፤ ድኻውና የሚናገርለት የሌለው ሰፈር የሁሉንም ካሚዮን ተሸክሞ ይቀራል። እንዲህ ያለው መፍትሔ የሐዘኑን ቤት ከመለወጥ በቀር ሐዘኑን አያስቀርም።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ? ሁሉን ከእነርሱ መገልበጥ ባያስፈልግም ማየቱ አይጎዳም።

በኒው ዮርክ ከተማ የንግድ ጭነት መኪና ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ድረስ በመኖሪያ ሰፈር መንገድ ላይ መቆም አይችልም። በቀንም ቢሆን በአንድ ቦታ ከ3 ሰዓት በላይ እንዲቆም አይፈቀድለትም። ለንደን ደግሞ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሌሊትና በሰንበት ቀናት ከባድ መኪናዎች የሚሄዱባቸውን መንገዶች ለይታለች፤ ዛሬ ገደቡ ከ18 ቶን በላይ ለሆኑት ነው። መኪናው ወደ ሰፈር መንገድ መግባት የሚፈቀድለት በእርግጥ ጭነት የሚያደርስበት ቤት እዚያ ሲኖር ነው፤ ያውም ብዙውን መንገዱን በዋና ጎዳና ተጉዞ መጨረሻ ላይ ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የምታስተምረን ጃፓን ትመስለናለች። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጡት ሕግ መኪና የሚገዛ ሰው መኪናው የሚያድርበት ቦታ እንዳለው አስቀድሞ ማስረዳት አለበት። ዛሬ ባለው ደንብ ቦታው ከመኖሪያው ወይም ከመሥሪያ ቤቱ ከ2 ኪሎ ሜትር መራቅ የለበትም፤ ፖሊስ መርምሮ ማረጋገጫ ካልሰጠ መኪናው አይመዘገብም። በመንገድ ላይ በአንድ ቦታ ሌሊት ከ8 ሰዓት በላይ ማቆምም ክልክል ነው። ይህ ሕግ የወጣው ጃፓን ገና በመኪና ሳትጥለቀለቅ ነው። አስቀድሞ ማሰብ ማለት ይህ ነው፤ አልጋ ሳያዘጋጁ እንግዳ አለመጥራት።

በአሜሪካ የሆነው አንድ ነገር ደግሞ የሾፌሩን ወገን ያሳያል። እዚያ ብዙ ኢትዮጵያውያን በከባድ መኪና ሾፌርነት ይተዳደራሉና ነገሩ ለእኛም ቅርብ ነው። ጄሰን ሪቨንበርግ የሚባል ሾፌር እ.ኤ.አ. በ2009 በሳውዝ ካሮላይና ጭነቱን የሚያራግፍበት ቦታ እስኪከፈት ድረስ የሚያርፍበት ደኅና ስፍራ ስላጣ፣ ተዘግቶ በተተወ ቤንዚን ማደያ ግቢ አቁሞ ሳለ ወንበዴ ገደለው። የተዘረፈው ገንዘብ 7 ዶላር ነበር። ባለቤቱ ሐዘኗን ይዛ ዝም አላለችም፤ ከሌሎች ጋር ሆና ስለ ሾፌሮች ማረፊያ ጉዳይ ደጅ ጠናች። በ2012 «የጄሰን ሕግ» የሚባለው ወጣ፤ ይህም የመንግሥት ገንዘብ ለከባድ መኪናዎች ማቆሚያ እንዲውልና በየክፍለ ግዛቱ ያለው የማቆሚያ ጉድለት እንዲመረመር የሚያደርግ ነው። የቦታ እጦት የሚገድለው በሰፈር ውስጥ የሚጫወተውን ሕፃን ብቻ አይደለም፤ ሾፌሩንም ጭምር ነው።

እንግዲህ ለከተማችን ምን ይበጃታል? በእኛ አስተያየት ነገሩ አራት ደረጃዎች አሉት፤ ቅደም ተከተላቸውም መለወጥ የለበትም።

አንደኛ፣ ቦታ። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ጅማ፣ ወደ አምቦና ወደ ጎጃም የሚያወጡት አምስት በሮች የታወቁ ናቸው። በየበሩ አጥር፣ መብራት፣ ዘበኛ፣ መታጠቢያ፣ ሽንት ቤት፣ ምግብ ቤት፣ ጎሚስታና መለስተኛ ገራዥ ያለው ማደሪያ ይሠራ። ሾፌሩ መኪናውን አሳድሮ ወደ ቤቱ የሚሄድበት አውቶቡስም ይመደብ፤ ይህ ካልሆነ ከቤቱ ደጃፍ አይርቅም። ማደሪያው የግዴታ የመንግሥት ብቻ መሆን የለበትም፤ መሬቱ ተሰጥቶአቸው የጭነት ማኅበራቱና የግል ባለሀብቶች ሊያለሙት ይችላሉ። የአዳሩ ዋጋ ግን ሾፌሩ የሚችለው ይሁን።

ሁለተኛ፣ ምዝገባ። መኪና በየዓመቱ ተመርምሮ ቦሎ ይለጠፍበታል። ከ ፍሬኑና ከመብራቱ ጋር «ሲሠራ ውሎ የሚያድረው የት ነው?» የሚለው ጥያቄ ይጨመር። ባለቤቱ ከማደሪያ ጋር የተዋዋለበትን ወረቀት ያሳይ፤ ማደሪያ የሌለው መኪና ቦሎ አይሰጠው። ይህ ከጃፓን የምንወስደው ቁም ነገር ነው፤ አፈጻጸሙም አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልገውም።

ሦስተኛ፣ ክልከላ። ቦታው ከተዘጋጀ በኋላ በመኖሪያ ሰፈር ውስጥ ከተወሰነ ክብደት በላይ የሆነ መኪና ሌሊት እንዳይቆም ይታዘዝ። ትእዛዙ በወረቀት ላይ ብቻ አይቅር፤ በሰፈሩ መግቢያ ምልክት ይቁም። የሚቻል ከሆነ አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና የሚያሳልፍ፣ ካሚዮን ግን የሚያግድ መቀርቀሪያ ይደረግ፤ ቁልፉም በሰፈሩ ዘበኛ እጅ ይሁን። ቤት ለሚሠራ ሰው አሸዋና ብሎኬት፣ ቤት ለሚለቅ ሰው ዕቃ ማመላለሻ የሚያስፈልግ ስለ ሆነ ለዚህ የተወሰነ ሰዓት ይሰጥ። የነዳጅ ቦቴ ግን ባዶም ሆነ ሙሉ በምንም ምክንያት በሰፈር ውስጥ አይደር፤ ባዶ ቦቴ ውስጥ የሚቀረው የነዳጅ ትነት ከሙሉው ያላነሰ አደገኛ ነው።

አራተኛ፣ ቅጣት። ቅጣቱ ከአዳር ዋጋ እጅግ የሚበልጥ ካልሆነ ሰው ቅጣቱን እንደ ኪራይ ቆጥሮ ይከፍላል። ሁለተኛ ጊዜ ለሚያጠፋ እጥፍ ይሁን። ደግሞም ሁልጊዜ ሾፌሩን ብቻ መቅጣት ልክ አይደለም። ማደሪያ ሳይከራይ «እንደምንም አሳድረው» ብሎ የሚያዝ ባለቤት ካለ ቅጣቱ ወደ እርሱ ይሂድ። የተቀጣው ገንዘብም የሚሰበሰብበት ዓላማ ይታወቅ፤ የተሰበረውን የሰፈር መንገድ ለመጠገን ቢውል ነዋሪው ሕጉን እንደ ራሱ ሕግ ይጠብቀዋል።

«ይህ ሁሉ ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚል አይጠፋም። በ2013 ዓ.ም. በተመረቀው የመስቀል አደባባይ ሥር ለ1,400 ያህል አውቶሞቢሎች የሚበቃ ማቆሚያ ተሠርቷል። ለትንሹ መኪና ከመሬት በታች ቤት መሥራት የቻለች ከተማ ለትልቁ መኪና ከከተማ ዳር ሜዳ ማጠር አያቅታትም። ደግሞ በሌላ በኩል ያለውን ሒሳብ አስቡት፤ በየዓመቱ የሚታደሰው መንገድ፣ የሚፈነዳው ቧንቧ፣ የሚሰረቀው ናፍጣ፣ ሐኪም ቤት የሚወስደው ገንዘብ ሁሉ ዛሬም እየተከፈለ ነው። ልዩነቱ የሚከፈለው ተበታትኖ ስለ ሆነ ማንም ደምሮ አለማየቱ ነው። ከዚህ ሌላ ባቡሩ የሚችለውን ያህል ጭነት ቢወስድ፣ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነሮች ተራግፈው ዕቃው በትንንሽ መኪና ወደ ከተማ ቢገባ፣ ከመነሻውም ወደ ሰፈራችን የሚመጣው ካሚዮን ይቀንሳል።

ቦታው እስኪሠራ ድረስ ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። ወንድሜ ሾፌር፣ ዛሬ ማታ የግድ ከሰፈር ማደር ካለብህ ከመታጠፊያና ከመንገድ አፍ ራቅ፤ ቁልቁለት ላይ አታቁም፤ ታኮ ሳታደርግ አትተኛ። ጠዋት ቁልፍህን ከማዞርህ በፊት መኪናህን አንድ ጊዜ ዙረህ ከሥሩ ተመልከት፤ ረዳትህም ከኋላ ቆሞ ይመልከትልህ። ይህ የሚወስደው 2 ደቂቃ ነው። ስልክ ቁጥርህን በመስታወቱ ላይ ጻፈው፤ አምቡላንስ ሲመጣ ሰው ድንጋይ ከሚወረውርብህ ይደውልልሃል።

የሰፈሩ ነዋሪዎችም ጎማ ማስተንፈስና መስታወት መስበር መፍትሔ እንዳልሆነ ልታውቁ ይገባል። ጎማው የተነፈሰ ካሚዮን ከሰፈራችሁ አይሄድም፤ ይልቁንም ቆሞ ይውላል። የዕድራችሁን ሽማግሌዎች ልካችሁ ሾፌሩን አነጋግሩት። ወደ ወረዳ ስትሄዱም «አባርሩልን» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ፤ «ማደሪያ ሥሩላቸው፣ ከዚያም ከልክሉልን» በሉ። ከቻላችሁ ሾፌሮቹን አብራችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሁለት ባላጋራ አንድ ልመና ይዞ ሲመጣ የማይሰማ ሹም አይኖርም።

ልጆቹን ደግሞ ምከሩአቸው። ከቆመ ካሚዮን ሥር ኳስ ቢገባ ኳሱ ይቅር፤ ትልቅ ሰው ጠርተው ያስወጡ። ደንቡ እስኪወጣ፣ ማደሪያው እስኪታጠር፣ ምልክቱ እስኪተከል ጊዜ መውሰዱ አይቀርም። ይህ ምክር ግን ለዛሬ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል።